ከቹርሊዮኒስ አጫጭር ፕሪሉዶች የትኛውን እንምረጥ? ለፒያኖ ተማሪዎችና አስተማሪዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ፕሪሉድ የሚባለው አጭር የፒያኖ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አያልፍም፤ ከብዙዎቹ መካከል የሚስማማንን አንዱን መምረጥ ግን ረጅም ሶናታ ከመምረጥ ይልቅ ይከብዳል። ሶናታ ብዙ ክፍሎች ስላሉት አንዱ ባይሳካልን ሌላው ይክሰናል፤ ፕሪሉድ ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ በመሆኑ ልቡ የሸፈተብንን አድማጭ መልሰን የምናገኝበት ጊዜ አይሰጠንም። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት የሊትዌኒያዊውን የሙዚቃ ደራሲና ሠዓሊ የሚካሎዩስ ኮንስታንቲናስ ቹርሊዮኒስን ፕሪሉዶች መጫወት ለሚፈልጉ፣ ከየትኛው እንደሚጀምሩ ግን ለተቸገሩ ሰዎች ነው። ፒያኖ ሳስተምር ደጋግሜ እንዳየሁት፣ የተሳሳተ ምርጫ የሚመጣው ኖታው ስለከበደ ሳይሆን ግራ እጅ የሚጠየቀው ሥራ አስቀድሞ ስላልተመረመረ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ንጽጽሮች ሁሉ «በዚህ ድርሰት ውስጥ ግራ እጄ ምን ይሠራል?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የደራሲው ሕይወት ለምርጫው ምን ይጠቅማል?

ቹርሊዮኒስ በ1875 በሊትዌኒያ ደቡብ በምትገኘው በቫሬና ተወለደ፤ ያደገው ግን አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆነው በሚሠሩባት በድሩስኪኒንካይ ነው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች፤ በቤተሰቡ ቤት ይነገር የነበረውም ፖላንድኛ ነበር። ልጁ በአሥራዎቹ ዕድሜው በፕሉንጌ ከተማ በልዑል ኦጊንስኪ የኦርኬስትራ ትምህርት ቤት ፍሉት ተማረ፤ ከ1894 እስከ 1899 በዋርሶ ኮንሰርቫቶሪ ፒያኖና ድርሰት አጠና፤ ከዚያም በ1901 ወደ ላይፕዚግ ሄዶ በካርል ራይኔኬና በሳሎሞን ያዳስሶን ሥር የድርሰትና የኮንትራፖይንት፣ ማለትም ብዙ ዜማዎችን ጎን ለጎን የማስኬድ ጥበብ፣ ትምህርቱን ቀጠለ። ከ1904 ጀምሮ በዋርሶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል አጠና። በ1909 መጀመሪያ ላይ ጸሐፊዋን ሶፊያ ኪማንታይቴን አገባ፤ በ1911 በዋርሶ አቅራቢያ በሳንባ ምች ሲሞት ገና 35 ዓመቱ ነበር። በዚያች አጭር ዕድሜ ወደ 400 የሚጠጉ የሙዚቃ ሥራዎችንና ወደ 300 የሚጠጉ ሥዕሎችን ትቶ አልፏል።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የዋርሶው ፒያኖ፣ የላይፕዚጉ ኮንትራፖይንትና ኋላ የመጣው ሥዕል፣ በፕሪሉዶቹ ላይ ሦስት የተለያዩ አሻራዎች አሳርፈዋል። «የቹርሊዮኒስን ፕሪሉድ እጫወታለሁ» የሚል ሰው በየትኛው ዘመን የተጻፈውን እንደሚፈልግ ካልወሰነ፣ አንድ ስም ይዞ ሦስት የማይመሳሰሉ ደራስያን ዘንድ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

ዘመኑን በቁጥሩ መለየት

ኖታ ወይም ቅጂ ስንፈልግ ከድርሰቱ ስም ቀጥሎ «ቪ.ኤል.» የሚሉ ሁለት ፊደላትና አንድ ቁጥር እናገኛለን። ፊደላቱ የቪታውታስ ላንድስበርጊስ ስም መነሻዎች ናቸው። ላንድስበርጊስ የቹርሊዮኒስን ሥራዎች ለረጅም ዘመን ያጠኑ የሙዚቃ ሊቅና ፒያኖ ተጫዋች ሲሆኑ፣ ሊትዌኒያ በመጋቢት 1990 ነፃነቷን መልሳ ስታውጅ የአገሪቱን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት ይመሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ቁጥሩ በየድርሰት ዓይነቱ ውስጥ በግምት የጊዜን ቅደም ተከተል ስለሚከተል ለመራጩ እንደ ኮምፓስ ያገለግላል።

ለፒያኖ ከተጻፉት መካከል ከ200 በታች የሆነ ቁጥር ያየ ሰው የዋርሶውንና የላይፕዚጉን ወጣት አግኝቷል ማለት ይቻላል። በ1904 የተጻፉት «ሴፋ ኤሴክ» የተባሉት ቫሪዬሽኖች (አንድን ጭብጥ እየለዋወጡ የሚደግሙ ድርሰቶች) ቁጥር 258 ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ አካባቢ ያሉት ቁጥሮች የመካከለኛውን ዘመን ያመለክታሉ። በ1908 የተጻፈው «ባሕር» የተሰኘው የትናንሽ የተፈጥሮ ገጽታዎች ዑደት 317 ነው፤ ከ300 በላይ ያለው እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ነው። አንዳንድ አሮጌ ኅትመቶች በኦፐስ (በሌላ የሥራ መለያ) ቁጥር ስለሚጠሯቸው አንድ ፕሪሉድ በሁለት ስም ሊገኝ ይችላል። ተማሪው ኖታውን ከመግዛቱ ወይም ከማተሙ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በጆሮው ከሰማው ቅጂ ጋር ቢያመሳክር ከብዙ ድካም ይድናል።

የመጀመሪያዎቹ፦ የዋርሶው ወጣት

በዋርሶ የተማረ የፒያኖ ደራሲ ከፖላንዳዊው ደራሲ ከሾፓን ጥላ ማምለጥ አይችልም ነበር፤ ቹርሊዮኒስም በወጣትነቱ ለማምለጥ አልሞከረም። የዚህ ዘመን ፕሪሉዶች ቀኝ እጅ ዜማውን ሲዘምር ግራ እጅ ኮርዶችን በትኖ ወይም ሰብስቦ የሚያጅብባቸው ናቸው። ኖክተርንና ማዙርካ የተጫወተ ተማሪ ቋንቋውን ወዲያው ያውቀዋል። ግራ እጅ ከታችኛው ቁልፍ ተነሥቶ ወደ መካከል እየዘለለ ስለሚሄድ የሚጠየቀው ርቀትን በጆሮ መለካት ነው፤ ፔዳሉም ከኮርድ ኮርድ በጥንቃቄ መለወጥ አለበት።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ዜማው ለአድማጭ ቅርብ ነው፣ አጨራረሱ የተለመደ ነው፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊይዛቸው ይችላል። ጉዳታቸውም ከዚያው ይመነጫል፤ አድማጩ ሳያስበው ከሾፓን ጋር ያወዳድራቸዋል፣ በዚህ ውድድር ደግሞ የሃያ ዓመቱ ተማሪ ቹርሊዮኒስ ሁልጊዜ አያሸንፍም። እኔ በዚህ ቡድን ውስጥ ያሉትን የምመክረው ደራሲውን ለመተዋወቅ እንጂ በእነሱ ብቻ እሱን አውቄዋለሁ ለማለት አይደለም።

ከዚህ ዘመን ሥራዎች «አንጀሉስ ዶሚኒ» የሚል ስም የተሰጠው ፕሪሉድ ለየት ያለ ቦታ ይገባዋል። ስሙ በላቲን «የጌታ መልአክ» ማለት ሲሆን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ደወል እየተደወለ የሚጸለየው የብሥራት ጸሎት መጠሪያ ነው። የኦርጋን ተጫዋች ልጅ የነበረው ደራሲ ይህን ጸሎት ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። ይህን ፕሪሉድ የሚመርጥ ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት የደወልን ድምፅ ቢያስብ መልካም ነው፤ የደወል ድምፅ ከተመታ በኋላ በአየር ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ይሞታልና ቀጣዩን ድምፅ ለመምታት መቸኮል አያስፈልግም። የገብርኤልን ብሥራት በራሱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እየሰማ ላደገ አንባቢም ርእሱ እንግዳ አይሆንበትም።

የመካከለኛው ዘመን፦ ግራ እጅ አጃቢነቱን ሲተው

ላይፕዚግ ከቹርሊዮኒስ ዜማን አልወሰደችበትም፤ ነገር ግን ዜማን ለቀኝ እጅ ብቻ መስጠትን አስተወችው። ከ1903 ገደማ በኋላ በተጻፉት ሥራዎች ግራ እጅ የራሱን መስመር ይዞ መሄድ ይጀምራል። ሁለት ወይም ሦስት ዜማዎች ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፣ አንዳንዴም አንዱ የሌላውን ቃል ዘግይቶ ይደግማል። ባኽን በትናንሽ ኢንቬንሽኖቹ በኩል ያልተለማመደ ተማሪ እዚህ ይደናቀፋል፤ የተለማመደው ግን ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ይሰማዋል።

የዚህ ዘመን አስተሳሰብ ምን ያህል ደፋር እንደነበር ለማየት ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸውን ቫሪዬሽኖች መመልከት ይበቃል። ጀርመኖች ድምፆችን በፊደል ይጠራሉ፤ «ኤስ» የሚሉት ዝቅ የተደረገውን ሚ ነው፣ «ኤ» ደግሞ ሚ ራሱ ነው። ቹርሊዮኒስ ከአንዲት ሴት ስም ውስጥ የድምፅ ስም የሆኑትን ፊደላት ለቅሞ ዘጠኝ ድምፆች ያሉት ረድፍ ሠራ፤ ከዚያም ያንን ረድፍ ሳይለቅ ቫሪዬሽኖቹን በሙሉ ገነባ። ይህ የሆነው በ1904 ነው፤ ኦስትሪያዊው ደራሲ ሾንበርግ በ12 ድምፆች ረድፍ መጻፍ ከመጀመሩ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ዘመን የተጻፈ ፕሪሉድ የያዘ ተማሪ ጥቂት ድምፆች በግራ እጅ ውስጥ ደጋግመው ሲመጡ ቢያይ በአጋጣሚ የተቀመጡ እንዳይመስሉት ለማስገንዘብ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ቹርሊዮኒስ ወደ ሊትዌኒያ ሕዝባዊ ዘፈኖች ፊቱን መለሰ። አጃ በሚታጨድበት ጊዜ የሚዘፈነውን «ቤኪት፣ ባሬሌይ» የተባለ ዘፈን ለመዘምራንም ለፒያኖም አዘጋጅቶታል። በኮንትራፖይንት ገና ያልበሰለ፣ ነገር ግን ከወጣትነት ሥራዎቹ አልፎ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ካለኝ ወደ እንዲህ ዓይነት በሕዝብ ዘፈን ላይ የተመሠረተ አጭር ሥራ እመራዋለሁ። የዘፈኑ መስመር አጭርና ግልጽ ስለሆነ በዙሪያው የሚሽከረከሩትን ሌሎች ድምፆች ለመስማት ጆሮው ፋታ ያገኛል።

የመጨረሻዎቹ፦ 1908 እና 1909

እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች አብዝተው የሚወዷቸውም አብዝተው የሚሳሳቱባቸውም እነዚህ ስለሆኑ ነው። በመጨረሻዎቹ ፕሪሉዶች ውስጥ ግራ እጅ ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ሐረግ ይይዛል፣ ያንንም ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየደጋገመ ይሄዳል። ሙዚቀኞች ኦስቲናቶ ይሉታል። በላዩ ላይ ቀኝ እጅ የሚጫወተው መስመር ከሐረጉ ምት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና መካከል ላይ ነው። ኮርድ የሚባለው ነገር እየሳሳ ሄዶ የሚቀሩት መስመሮች ናቸው። ደራሲው በዚያን ጊዜ ባሕርን በብሩሽ እየሣለ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አይደንቀውም።

ገጹን ለሚያይ ተማሪ ግን እነዚህ ፕሪሉዶች ቀላል ይመስላሉ። ኖታው ጥቂት ነው፣ ጥቁር ብሎ የተጨናነቀ መስመር የለበትም፣ ግራ እጁ አንድ ዓይነት ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪዬ ከእነዚህ አንዱን አይታ «ይኼንንማ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ» አለችኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግራ እጇ የቀኙን ምት እየተከተለ ሐረጉን ማበላሸቱን አላቆመም ነበር። ያን ጊዜ የፒያኖውን ክዳን ዘጋሁና የግራ እጅ ሐረጉን በእንጨቱ ላይ በጣቶቿ ብቻ እንድትመታ፣ የቀኝ እጁን መስመር ደግሞ በአፏ እንድታዜም ጠየቅኋት። መጀመሪያ ላይ የጥፍሮቿ ድምፅ በእንጨቱ ላይ እየተደነቃቀፈ ይሰማ ነበር፤ በሌላ ጊዜ ስትመጣ ግን ጥፍሮቿን ቆርጣ ነበር፣ ሐረጉም ከዝማሬዋ ሥር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሳይናወጥ ሄደ። ክዳኑን ከፍተን ስትጫወተው ያስቸግራት የነበረው ነገር ሁሉ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻዎቹን ፕሪሉዶች ለመምረጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ፈተና በራሱ ላይ ቢያደርግ እመክራለሁ፤ ግራ እጁን እየመታ ቀኙን ማዜም ካልቻለ ጊዜው ገና ነው።

ሁለተኛው ችግር አጨራረሳቸው ነው። የለመድነው የመዝጊያ ኮርድ በብዙዎቹ ላይ የለም፤ ሐረጉ እየራቀ ሄዶ ይቆማል። እኔ ራሴ ከእነዚህ ፕሪሉዶች አንዱን በአንድ የተማሪዎች ዝግጅት ላይ ተጫውቼ ነበር። የመጨረሻውን ድምፅ ከነካሁ በኋላ እጄን ወዲያው ወደ ጉልበቴ መለስሁ፤ አዳራሹ ዝም አለ፣ ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም ቀጣዩን ገጽ የምገልጥ መስሏቸው ይጠባበቁ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር። ድምፁ እስኪሞት ድረስ ፔዳሉን ይዤ፣ እጄንም በቁልፎቹ ላይ አቆይቼ ዝምታውን የድርሰቱ አካል ማድረግ ነበረብኝ። ለመመረቂያ ወይም ለውድድር አንድ ፕሪሉድ ብቻ መጫወት የተፈቀደለት ተማሪ ይህን ኃላፊነት ለመሸከም ዝግጁ ካልሆነ ከቀደሙት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሾፓንና ስክርያቢን አጠገቡ ሲቀመጡ

ምርጫው በቹርሊዮኒስ ሥራዎች መካከል ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ አስተማሪዎች «ለምን ሾፓንን አላስተምረውም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

የሾፓን ኦፐስ 28 በ1839 የታተሙ 24 ፕሪሉዶችን ይዟል። ከእነሱ መካከል በሚ ማይነር የተጻፈው 4ኛው 25 ባሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ቀኝ እጅ ለረጅም ጊዜ በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ሲመላለስ የግራ እጅ ኮርዶች ግን በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ወደ ታች ይወርዳሉ። ታሪኩ ሁሉ በግራ እጅ ውስጥ ነው። በ1849 በፓሪስ በማድሌን ቤተ ክርስቲያን በራሱ በሾፓን ቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በኦርጋን ተሰምቷል። ላ ሜጀር ላይ ያለው 7ኛው 16 ባሮች፣ ዶ ማይነር ላይ ያለው 20ኛው ደግሞ 13 ባሮች አሉት፤ የኋለኛው በጣም ጎልቶ ይጀምራል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይበልጥ ይለሰልሳል። እነዚህን ሦስቱን ያልተጫወተ ተማሪ ወደ ቹርሊዮኒስ ባይሄድ እመርጣለሁ። 4ኛውን ፕሪሉድ በትክክል የሰማ ጆሮ፣ ማለትም በስምንቱ ተከታታይ ኮርዶች ውስጥ የትኛው ጣት አንድ እርምጃ እንደወረደ የለየ ጆሮ፣ የቹርሊዮኒስን የመካከለኛ ዘመን መስመሮች ለመከተል ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሩሲያዊው ደራሲ ስክርያቢን ከቹርሊዮኒስ በአራት ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ ኦፐስ 11 ተብለው የተሰበሰቡት 24 ፕሪሉዶቹ ከ1888 እስከ 1896 ባሉት ዓመታት የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም ከሾፓን ተነሥተው ወደ ራሳቸው መንገድ የሄዱ ስለሆኑ ንጽጽሩ ትምህርት ይሰጣል። ስክርያቢን የሄደው ወደ ኮርድ ነው፤ ኮርዶቹ እየወፈሩ፣ እየረቀቁ፣ በመጨረሻም ከሜጀርና ከማይነር ውጭ የሆነ ዓለም እየፈጠሩ ሄዱ። ቹርሊዮኒስ የሄደው ወደ መስመር ነው። እጁ ትልቅና ልስልስ የሆነ፣ ቀለም ያለው ድምፅ ማውጣት የሚወድ ተማሪ ከስክርያቢን ጋር ይስማማል፤ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ለየብቻ መስማት የሚችል ተማሪ ግን ከቹርሊዮኒስ ጋር ይግባባል። በእኔ አስተያየት የእጅ ትንሽነት ለቹርሊዮኒስ የመጨረሻ ሥራዎች እንደ ሌሎቹ ትልቅ እንቅፋት አይሆንም፤ ይህም ለልጆችና እጃቸው ትንሽ ለሆነ አዋቂዎች የሚነገር መልካም ዜና ነው።

የትኛውን የኖታ ኅትመት?

ቹርሊዮኒስ በሕይወት ሳለ ያሳተማቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ በእጅ ጽሑፍ ቀርተዋል። በእጅ ጽሑፎቹ ላይ ደግሞ ፍጥነትንና የድምፅ ጉልበትን የሚያመለክቱ ምልክቶች ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ ለራሱ እንደ ማስታወሻ የጻፋቸው ይመስላሉ። ስለዚህ በታተመ ገጽ ላይ «ቀስ ብሎ» ወይም «እየጎላ» የሚል ምልክት ስናይ የደራሲው ነው ወይስ የአዘጋጁ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። እኅቱ ያድቪጋ ቹርሊዮኒቴ፣ ራሷ የሕዝብ ዜማ ተመራማሪ የነበረች፣ የወንድሟን የፒያኖ ሥራዎች ለኅትመት አዘጋጅታለች። ላንድስበርጊስም ከእሷ በኋላ የእጅ ጽሑፎቹን እንደገና መርምረው አሳትመዋል።

ለጀማሪ ምልክት የበዛበት ኅትመት ይሻላል፤ ባዶ ገጽ ያስፈራዋልና። ልምድ ላለው ተጫዋች ግን ወደ እጅ ጽሑፉ የቀረበውን እመክራለሁ። ያንን ገጽ ይዞ ለራሱ ሦስት የተለያዩ ፍጥነቶችን ይሞክር፣ ከዚያም የግራ እጁ ሐረግ ሳይቸኩልም ሳይጎተትም የሚተነፍስበትን ይምረጥ። ምልክት በሌለበት ቦታ ፍጥነቱን የሚወስነው የቀኝ እጅ ዜማ ሳይሆን ይህ የግራ እጅ እስትንፋስ ነው።

የትኛውን ቅጂ እናዳምጥ?

ሦስት ተጫዋቾችን ብቻ እጠቅሳለሁ። ላንድስበርጊስ ራሳቸው የቹርሊዮኒስን ሥራዎች ተጫውተው ቀርጸዋል፤ መስመሮቹ እንዴት እንደተሠሩ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ በቅድሚያ የእሳቸውን ቢሰማ መልካም ነው፤ አጨዋወታቸው እንደ መምህር ገለጻ የጠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። ሙዛ ሩባትስኪቴ የትልልቅ መድረኮች ፒያኖ ተጫዋች ናት፤ የወጣትነት ሥራዎቹ ምን ያህል ሙቀት እንዳላቸው የተረዳሁት ከእሷ ነው። ሮካስ ዙቦቫስ የደራሲው የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆን፣ ስለ ቹርሊዮኒስ በተሠራ ፊልም ላይ ደራሲውን ሆኖ ተውኗል። ዝምድና ብቻውን ጥሩ አጨዋወትን ባያረጋግጥም፣ የዙቦቫስ የመጨረሻ ዘመን ፕሪሉዶች ረጋ ያለ አካሄድ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ቅርብ ነው። ተማሪው አንድን ፕሪሉድ ከሁለት ተጫዋቾች ሳይሰማ ምርጫውን ባይወስን ጥሩ ነው፤ በአንዱ እጅ የተሰላቸበት ሥራ በሌላው እጅ ሊከፈትለት ይችላል።

ያለን መሣሪያ ምን ይፈቅድልናል?

ቤታቸው 61 ቁልፍ ያለው ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብቻ ያላቸው ተማሪዎች የወጣትነት ሥራዎቹን ባይመርጡ ይሻላል፤ ግራ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ቁልፍ ያልቅበታል፣ ከተለመደው ፔዳል ውጭም የተበተኑት ኮርዶች አይያያዙም። በጥቂት ቦታ የሚንቀሳቀስ የግራ እጅ ሐረግ ያላቸውን የመጨረሻዎቹን መርምሮ በቁልፎቹ ክልል ውስጥ የሚወድቀውን ማግኘት ይቻላል። ቁልፉ የጣትን ጉልበት የማይለይ መሣሪያ ግን ለሁለቱም አይሆንም፤ ሁለት መስመሮች አንዱ ከሌላው ጎልቶ ካልተሰማ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ይቀራልና።

ሥዕሉን ከሙዚቃው ጋር ማሳየት

የቹርሊዮኒስን ሥራ ለሕዝብ የሚያቀርቡ ሰዎች ሥዕሎቹን በግድግዳ ላይ እያሳዩ ፒያኖ ማጫወት ይወዳሉ። ሥዕሎቹን የሙዚቃ ስም ስለሰጣቸው ፈተናው ይገባኛል፤ በ1908 የሣለው «የባሕር ሶናታ» አሌግሮ፣ አንዳንቴና ፊናሌ የሚሉ ክፍሎች አሉት፣ በዚያው ዓመት «ፕሪሉድ» እና «ፉግ» የተባሉ ጥንድ ሥዕሎችም ሠርቷል። ሥራዎቹ በብዛት የሚገኙት በካውናስ ከተማ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ነው። የተወለደበት 150ኛ ዓመት በ2025 በተከበረ ጊዜም እንዲህ ዓይነት ዝግጅቶች በዝተው ነበር።

ይሁን እንጂ የ1899ን ፕሪሉድ ከ1908 ሥዕል ጋር ማጣመር ሁለቱንም ይጎዳል። የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ወጣት ያንን ባሕር ገና አልሣለውም፤ አድማጩ በግድግዳው ላይ ማዕበል እያየ በጆሮው የዋርሶ ሳሎን ይሰማል። ሥዕል ማሳየት ግድ ከሆነ ከ300 በላይ ቁጥር ያለው ፕሪሉድ ይመረጥ፤ አንዱ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለወጥ ይቆይ። ሥዕሉ በየሰላሳ ሰከንዱ ከተቀያየረ ዓይን ጆሮን ያሸንፋል፣ የግራ እጁንም ሐረግ ማንም አይሰማውም።

ሁለት ፕሪሉድ ማጫወት ከተቻለ

ጊዜው ከፈቀደ እኔ አንዱን ከወጣትነት፣ ሌላውን ከመጨረሻዎቹ እመርጣለሁ። ብዙዎች በዘመን ቅደም ተከተል ቀዳሚውን አስቀድመው ይጫወታሉ፤ ያ መንገድ የደራሲውን ዕድገት ያሳያል፣ ነገር ግን ተጫዋቹን ያለ መዝጊያ ኮርድ በመድረክ ላይ ብቻውን ይተወዋል። እኔ ከዚያ አዳራሽ ዝምታ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ የ1909ኙን እጫወታለሁ፤ ሐረጉ ሲርቅ እጄን ከቁልፎቹ አላነሣም፣ ፔዳሉን ይዤ ድምፁ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፣ አድማጩም የሚቀጥለውን እየጠበቀ ስለሆነ ዝም ይላል። ከዚያም ከዚያው ዝምታ ውስጥ የወጣቱን ዜማ በቀኝ እጄ እጀምራለሁ፣ ግራ እጄም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታችኛዎቹ ቁልፎች ይወርዳል።